የአሳማ ጎድን በስሎው ኩከር፦ ጎማ ሲሆን፣ ውሃ ሲያቁር፣ ሲገረጣ

ስሎው ኩከር፣ ማለትም ምግብን በኤሌክትሪክ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚያበስለው ድስት፣ ያለው ሙያ አንድ ነው፤ ማላላት። ጠንካራ ሥጋ ስጡትና ክዳኑን ግጠሙ፤ ከሰዓታት በኋላ ጥርስ የማያስቸግር አድርጎ ይመልስላችኋል። ቀለም መስጠት ግን አይችልም። ሶስ ማወፈርም አይችልም። የጭስ ጣዕምማ ጨርሶ አይታሰብም። በስሎው ኩከር ስለሚሠራ የባርቤኪው ጎድን የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ዕቃ ያልተፈጠረበትን ሥራ ስንጠብቅ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እናስቀምጥ። ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ጎድን ትይዛላችሁ። ከአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን ትገፉና ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት አጥንት አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ። በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በፓፕሪካ፣ በነጭ ሽንኩርት ዱቄትና በትንሽ ቡናማ ስኳር ታሹታላችሁ። ሥጋማው ፊቱ ወደ ድስቱ ግድግዳ እንዲዞር አድርጋችሁ አቁማችሁ ትደረድሩታላችሁ። አንድ ኩባያ የማይሞላ ባርቤኪው ሶስ ከላይ ታፈሳላችሁ። በ«ሎው» (ዝቅተኛው ሙቀት) ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ በ«ሃይ» (ከፍተኛው) ከ3 እስከ 4 ሰዓት። ከዚያ አውጥታችሁ፣ ሶስ ቀብታችሁ፣ ኦቭን ውስጥ ከላይ በሚወርድ እሳት ጥቂት ደቂቃ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር የሚዘላት ሰው ብዙ ነው፤ ኋላ እንመጣባታለን።

ሥጋው ጎማ ሆነብኝ

ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው። የሚገርመው ብዙ ሰው መፍትሄውን በተቃራኒው በኩል ይፈልጋል። ሥጋው አልነከስ ሲለው «በጣም አበሰልኩት መሰለኝ» ብሎ ያወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥጋው ገና አልበሰለም።

ጎድን ውስጥ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ አያያዥ ነገር ሞልቷል። የሥጋው ውስጥ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ሲያርፍ ለጤና የማያሰጋ ይሆናል። ለጥርስ ግን ገና ነው። ኮላጅኑ ቀልጦ ለስላሳ ጄላቲን መሆን የሚጀምረው ከ70 ዲግሪ ወዲያ ነው፤ ወደ 90 ሲጠጋ ደግሞ ይፈጥናል። በዚህ መሀል ክፉ ጊዜ አለ። የሥጋው ክሮች ተኮማትረው ጭማቂያቸውን ጨምቀው አውጥተዋል፣ ኮላጅኑ ግን አልቀለጠም። ያኔ አውጥታችሁ ከቀመሳችሁት ደረቅም ጠንካራም ነው የሚሆንባችሁ። መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። ክዳኑን መልሱና በ«ሎው» ሌላ አንድ ሰዓት ስጡት። ቴርሞሜትር ካላችሁ አጥንቱን ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ውጉት፤ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ስታዩ ደርሷል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አጥንቱን ይጠይቅ። አንዱን አጥንት ጫፉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዝዙት። ሥጋው ባለበት ቆሞ አጥንቱ ብቻውን ከዞረ ጨርሷል። ሥጋው አብሮ ከተጠመዘዘ ገና ነው። ዓይንም ይረዳል። ሥጋው ወደ ኋላ ሸሽቶ የአጥንቱ ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ራቁቱን ከወጣ ጥሩ ምልክት ነው።

ሰዓቱን ጠብቃችሁም ካልበሰለ ምክንያት ፈልጉ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ክዳን ከፋች ነው። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የታመቀው እንፋሎት ይወጣና ማብሰያው ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጨመራል። በየሰዓቱ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው ካለ እራት ያመሻል። ሁለተኛው ድስቱን ጢም አድርጎ መሙላት ነው። ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ነው በደንብ የሚሠራው። ሦስተኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጊዜ መጨመር ግድ ይላል።

የቀረው ዕቃው ራሱ ነው። ጥርጣሬ ከገባችሁ ድስቱን እስከ ግማሽ ውሃ ሞልታችሁ በ«ሎው» 8 ሰዓት ተዉት። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ወዲያው ለኩ፤ ከዘገያችሁ ሙቀቱ ይወርዳል። ከ85 እስከ 93 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው። በጣም ከወረደ ግን ማሞቂያው ደክሟል። እንዲህ ያለው ዕቃ ሥጋን ለረጅም ሰዓት ለብ አድርጎ ስለሚያቆይ ለጤናም አስጊ ነው፤ ብትሸኙት ይሻላል።

በነገራችን ላይ «ሎው» እና «ሃይ» በአብዛኞቹ ማብሰያዎች ላይ መጨረሻቸው ተቀራራቢ ሙቀት ነው፤ ከመፍላት ትንሽ ዝቅ ያለ። ልዩነታቸው እዚያ ለመድረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ ነው። ጊዜ ካላችሁ ለጎድን «ሎው»ን ምረጡ። «ሃይ» ላይ ለስላሳው ሰዓት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ያልፋል።

ለስልሷል፣ ግን ደረቅና ክር ክር ይላል

ይሄኛው በእውነት አልፎበታል። ከጀርባ በኩል የሚወጣው ጎድን አጭር፣ ጎበጥ ያለና ስቡ አነስተኛ ነው። ከሆድ በኩል የሚወጣው ደግሞ ረዘም፣ ጠፍጠፍ ያለና ጮማ የበዛበት። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማብሰል አይሆንም። የጀርባውን በ«ሎው» ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ ፈትሹት፤ የሆዱ 7 እና 8 ሰዓት ይችላል። «ዋርም» (የበሰለን ምግብ ሙቅ አድርጎ ማቆያው) ላይ ረስቶ መተውም ሥጋውን ያደርቀዋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት።

ያለፈበትን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። አጥንቱን አውጥታችሁ ሥጋውን በሹካ ተልትሉት፣ ከሞቀ ሶስ ጋር ለውሱት፣ ዳቦ መሀል አድርጉት። ማንም አያውቅባችሁም።

ሥጋው ጥሩ ነው፣ ከታች በኩል ግን የማይታኘክ ነገር አለ

ያ ከአጥንቱ በኩል የተለበጠው ስስ ሽፋን ነው። የቱንም ያህል ቢቆይ አይሟሟም፤ ቅመምም አያሳልፍም። ለመግፈፍ ጎድኑን ገልብጡና ጫፍ ላይ ካለው አጥንት ጀምሩ። የደነዘ ቢላ ወይም የማንኪያ እጀታ በሽፋኑና በአጥንቱ መሀል አስገብታችሁ ፈልቀቅ አድርጉ። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሲገኝ ጫፉን በሶፍት ያዙት፤ በባዶ እጅ ያሙለጨልጫል። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዝግ ብላችሁ ሳቡ። አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ይመጣል፣ አንዳንዴ እየተቆረጠ ያናድዳል። ሳይገፈፍ ከበሰለም ተስፋ አትቁረጡ። ትሪ ላይ ገልብጡት፤ ትኩስ እያለ በመያዣ ሲሳብ ይላጣል።

ሳወጣው ፈራረሰብኝ

ብዙ ሰው «አጥንቱን ጥሎ የሚወድቅ» ሥጋ የሙያ ጥግ ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ በሚደረጉ የባርቤኪው ውድድሮች ግን ዳኞች ይህን እንደ ጥፋት ነው የሚያዩት። እነሱ የሚፈልጉት በነከሱበት ቦታ ብቻ ተቆርሶ የሚለቅ ሥጋ ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። እናንተ ፍርስርሱን ከወደዳችሁ ደግሞ ገበታው የእናንተ ነው።

ቅርጹን ይዞ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ከሰላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀንሱ። እሳቱን አጥፍታችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ አሳርፉት። ስታነሡት ከአንድ ጎን በመያዣ አታንጠልጥሉት፤ ከሥሩ ሰፊ ጭልፋ አስገብታችሁ ደግፉት።

ሶሱ ውሃ ሆነ

ይህን ዕቃ የፈጠረው ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። መጀመሪያ የተሸጠው ባቄላ ማብሰያ ተብሎ ነበር። «ክሮክ ፖት» የሚለውን ስም ይዞ የወጣው ሪቫል የተባለ ኩባንያ ከገዛው በኋላ፣ በ1971 ነው። ባቄላ ውሃ ይጠጣል፤ ድስቱም እንፋሎት እንዳያመልጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጎድን ግን ውሃ አይጠጣም፣ ይተፋል። ስቡና ጭማቂው ወጥቶ ሶሱ ላይ ይጨመራል፣ የሚተን ነገር የለም፣ ሶሱም ይቀጥናል።

ስለዚህ ውሃ ወይም ሾርባ አትጨምሩ። እንዳያር ከፈራችሁ ሩብ ኩባያ ይበቃል። ዛሬ የቀጠነውን ለማዳን ሥጋውን አውጡና ፈሳሹን ወደ ሰፊ መጥበሻ ገልብጡ። ከላይ የተንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ ግፈፉ። ከዚያ ያለ ክዳን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አፍልታችሁ አወፍሩት። የማንኪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ ጣት ስታሳልፉበትም መስመሩ ካልተዘጋ በቅቶታል። ከቸኮላችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። በሙቅ ውሃ ከበጠበጣችሁት ይጓጉላል።

ስቡ ከበዛና ጊዜ ካላችሁ ፈሳሹን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ አንስቶ መጣል ነው።

ገረጣ፣ የተቀቀለ ይመስላል

ተቀቅሏል እኮ። ያ የሚያምረው ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚመጣው የሥጋው ፊት ደረቅ ሆኖ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። እርጥብ ድስት ውስጥ ደግሞ 100 ዲግሪ አይታለፍም። አሥር ሰዓት ብትጠብቁም ቀለም አይመጣም።

እንግዲህ ያቺ የመጨረሻ ደረጃ እዚህ ላይ ነው የምታስፈልገው። ትሪ ላይ ፎይል አንጥፉ። ጎድኑን ሥጋማው ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድሩ። ፊቱን በሶፍት ተጫን ተጫን አድርጋችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ከሆነ ሶሱ ይንሸራተታል። ያወፈራችሁትን ሶስ በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከላይኛው እሳት አንድ ጋት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆዩት። ሶሱ መጀመሪያ ያብለጨልጫል፣ ቀጥሎ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙ ይጠቁራል። ጠርዙ መጥቆር ሲጀምር አውጡ። ባርቤኪው ሶስ ስኳር ነው፤ ከማማር ወደ ማረር የሚሻገረው ስልክ አንስታችሁ «ሄሎ» እስክትሉ ነው። ወፍራም ሽፋን የሚወድ ሰው አንዴ ከሚለድፈው ሁለቴ ስስ አድርጎ ይቀባ።

የስሎው ኩከሩን የውስጥ ድስት ግን እሳቱ ሥር አታስገቡት። አምራቹ ካልፈቀደ በቀር ሊሰነጠቅ ይችላል። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ድስትም የጋለ ማሞቂያ ላይ አይቀመጥም።

ጣዕም የለውም፣ ወይም ጣዕሙ ልክ አይደለም

ረጅም ሰዓት ቅመምን ያደበዝዛል። ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን መጨረሻ ሶሱ ላይ አድርጉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት እዚህ ዕቃ ውስጥ ጥሬ ጥሬ ሊል ይችላል፤ ወይ ቀድማችሁ በዘይት አቁላሉት፣ ወይ ዱቄቱን ተጠቀሙ። የጭስ ጣዕም የምትፈልጉ በጭስ የደረቀ ፓፕሪካ አለላችሁ። ፈሳሽ ጭስም ይሸጣል፤ እሱ ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካለፈ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

በጣም ከጣፈጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፤ ከኮመጠጠ ማር። ጨው ካነሰው ትንሽ ጨው፣ ግን መጨረሻ ላይ። ጨው ከበዛበት ነገሩ ይከብዳል። ሶሱን ሳታፈሉ ጨው በሌለው የቲማቲም ድልህ አቅጥኑት፤ ማፍላት ጨውን ያጎላዋል። ሥጋ ስትገዙም ማሸጊያውን አንብቡ። ጨዋማ ፈሳሽ የተወጋ የአሳማ ሥጋ አለ፤ እሱ ላይ የምታሹት ቅመም ጨው አይኑረው።

አጥንቱ አጠገብ ሮዝ ነው

ቀለም አያስደንግጣችሁ፣ ቀለምን አትመኑም። ሙሉ በሙሉ በበሰለ ጎድንም አጥንቱ ዙሪያ ሮዝ ሊቀር ይችላል። ቴርሞሜትሩ ነው የሚፈርደው።

ከፍሪዘር በቀጥታ አስገባሁት፣ ወይም መብራት ጠፋ

በረዶ የሆነ ሥጋ ስሎው ኩከር ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ባክቴሪያ የሚራባው ደግሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ሥጋው እዚያ ለሰዓታት ይቆያል ማለት ነው። ከአንድ ቀን በፊት ፍሪጅ ውስጥ አቅልጡት።

መብራት ሲጠፋ ቤት ከነበራችሁና ሌላ ምድጃ ካላችሁ ወዲያው እዚያ አብስላችሁ ጨርሱት። ሥጋው ቀድሞ በስሎ ከነበረ ክዳኑ እንደተዘጋ እስከ ሁለት ሰዓት ይታገሣል። ውጭ ውላችሁ ስትመለሱ መጥፋቱን ካወቃችሁ ግን መብራቱ ተመልሶ ድስቱ ቢንተከተክም፣ ሽታው ቢያስጎመጅም፣ ጣሉት። የተረፈውን ጤነኛ ጎድን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ስትበሉት ኦቭን ውስጥ በፎይል ሸፍናችሁ እስከ 74 ዲግሪ አሙቁት፤ ስሎው ኩከር ለማሞቅ አይሆንም።