አክራ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ቻርጀር ሶኬት አልገባ ሲል

የጋና ሶኬት እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር አይገባበትም። ቮልቴጁ ግን 230 ነው፤ ከእኛው 220 ጋር ስለሚቀራረብ ትራንስፎርመር አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ተጭኖ የታችኞቹን መዝጊያ ይከፍትና በግድ ይሰካል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ክብ እግር በጠፍጣፋ ቀዳዳ ላልቶ ስለሚቀመጥ ይሞቃል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ሶኬቱንም ያቀልጣል።

ችግሩን የፈታው ፊውዝ ያለው ባለ ሦስት እግር አዳፕተር ነው። መጀመሪያ የማረፊያውን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ከሌለ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አይጠፋም። ተሰክቶም ካልሠራ የሶኬቱን ማብሪያ ወደ ታች ተጫኑ፤ አዲስ እንግዳ የሚዘነጋው ይህንን ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ነቅላችሁ ቆዩ፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊልና ቻርጀሩን ሊያቃጥል ይችላል።