ቆጣሪው 85,000 ይላል፣ መኪናዋ ግን 20 ዓመቷ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላ አፍ ቀድሞ የሚሰማው «ኪሎ ሜትሯን እያት» የሚለውን ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞሩት በአብዛኛው ቆየት ያሉት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ናቸው። ቁጥሩ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ኪሎ ሜትር ብረቱን ይበላል፤ ዕድሜ ደግሞ ጎሚኒውን፣ ቱቦውንና ፕላስቲኩን።

ምልክት፦ መኪናዋ አሮጌ፣ ቁጥሩ ትንሽ

መጀመሪያ አካፍሉ። 85,000 ለ20 ዓመት ሲካፈል በዓመት 4,250፣ በቀን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአያት ፒያሳ ደርሶ መመለስ እንኳ ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ በጥቂቱ የተነዳች መኪና የለችም ማለቴ አይደለም፤ ማስረጃ ግን ይጠየቅባታል።

የፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ መሪው እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ከተወለወለ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተጨፈለቀ ቆጣሪው ወደ ኋላ መመለሱን ጠርጥሩ። «ዲጂታል ስለሆነ አይነካም» የሚለውን አትመኑ፤ በኮምፒውተር በደቂቃዎች ይለወጣል። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ማይል ሊሆን ይችላል፤ 120,000 ማይል 193,000 ኪሎ ሜትር ነው።

መፍትሄው፦ ኮፈኖው ሥር ወይም የበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ የዘይት ቅያሪ ወረቀት ፈልጉ። ዘይቱ የተቀየረበት ቁጥር (የሚቀጥለው ቅያሪ ሳይሆን) ቆጣሪው ላይ ካለው ከበለጠ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። መኪናዋን ከወደዳችኋት ቆጣሪው እንደሌለ ቆጥራችሁ በሞተሯና በአካሏ ብቻ ተደራደሩ።

ምልክት፦ ኪሎ ሜትሩ እውነተኛ ነው፣ ከተገዛች በኋላ ግን ታንጠባጥባለች፣ ትግላለች

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አጎቴ የገዛት ቪትዝ ኪሎ ሜትሯ ልክ ነበር፤ የቀድሞ ባለቤቷ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ነበር የሚያወጧት። በሦስተኛው ወር የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ የራዲያተሯ ቱቦ ፈነዳ። አጎቴ «ትንሽ ልግፋ» ብሎ ስለቀጠለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተጣመመ። የጥገናው ወጪ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ቱቦውን አስቀድሞ መቀየር ከዚያ ጋር የሚወዳደር ወጪ አልነበረም።

ምክንያቱ፦ ጎማ ነክ ነገር ቆማም ይደርቃል። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱም ይበላሻል። ራዲያተሯ በተራ ውኃ ከተሞላ ደግሞ ውስጡ ይዝጋል።

መፍትሄው፦ ከግዢው ብር ላይ ለቱቦ፣ ለቺንጋ (ለሞተሩ ቀበቶ)፣ ለፍሬን ዘይትና ለራዲያተር ፈሳሽ የሚሆን ነጥሉ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ከሆነችና የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት። ቪትዝ በዚህ ቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስላላት ከዚህ ትድናለች። ጎማው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 1519 ማለት በ2019 15ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሊብሬው ላይ ያለው የተሠራችበት ዓመትም እንዲሁ የፈረንጆቹ ስለሆነ ዕድሜዋን ስታሰሉ በኛ አቆጣጠር አትቀንሱ።

ምልክት፦ ሞዴሏ አዲስ፣ ቁጥሩ ትልቅ

ቁጥሩን ከማየት ይልቅ የት እንደተነዳች ጠይቁ። አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ የሄደች መኪና ፍሪሲዮኗና ፍሬኗ ብዙም አይጎዳም። ቀኑን ሙሉ ራይድ የሠራች ግን የኋላ ወንበሯና የበር ማጠፊያዎቿ ይመሰክራሉ። የሞተሩን ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለኩ።

ምልክት፦ ሁለት መኪና፣ አንድ ዋጋ

አንዷ 2004 ሞዴል፣ 90,000 ኪሎ ሜትር የሄደች፣ ወረቀት የሌላት። ሌላዋ 2008፣ 190,000፣ ዘይት የተቀየረበት ሁሉ በደብተር የተያዘላት። እኔ ያለማመንታት ሁለተኛዋን እወስዳለሁ። (የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሒሳቡ ይለያል፤ ባትሪ ቆሞም ስለሚያረጅ አቅሙን ሳታስለኩ አትግዙ።)

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ኮፈኖውን ንኩት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀድመው አስነስተዋታል፣ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይት እያቃጠለች ነው፤ ያኔ ቆጣሪው ምንም ቢል ዋጋው ይወርዳል፣ ካልወረደም ተመለሱ።