ለቢምቢ የሚሆን የኒምና የጠጅ ሳር ዘይት

ድሬ ውስጥ ከሰዓት የጫት በርጫ ላይ ሽርጥ አገልድሞ የተቀመጠ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ማከኩ አይቀርም። ቀን የምትነክሰው ቢምቢ እግር ትወዳለች። ጠቆር ያለች ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። በ2006 ዓ.ም. የደንጌ ትኩሳትን፣ በ2011 ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለውን በሽታ ሰፈር ለሰፈር ያዳረሰችው እሷ ናት። ስለዚህ "ማታ አጎበር አለኝ" ብሎ መዝናናት አያዋጣም። እኔ ቀን ቀን የምቀባው ከግቢዬ ቅጠል የማዘጋጀውን ዘይት ነው።

ዋናው ኒም ነው። ኒም ድሬ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን ኒም መስሏቸው ሚሊያ የሚባለውን ሌላ ዛፍ የሚቆርጡ አሉ። ቅጠሉን ያዙና እዩት። ኒም ከአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይወጣል፣ ጠርዙም መጋዝ ይመስላል። ሚሊያ ግን ዘንጉ ራሱ እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ክብ ቢጫ ፍሬውም ቅጠሉ ረግፎ እንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሚሊያ ከሆነ ተዉት።

ሁለት እፍኝ ኒም፣ አንድ እፍኝ የተቆራረጠ ጠጅ ሳር፣ ካላችሁ ትንሽ በሶብላ ያስፈልጋል። እጠቡና ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስጡት። በድሬ ሙቀት ሁለት ቀን ይበቃዋል። ጨበጥ ሲያደርጉት መንኮሻኮሽ አለበት፤ እርጥበት ከቀረበት ዘይቱ ይሻግታል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ሽታው በኖ ያልቃል። የምንፈልገው ደግሞ ሽታውን ነው።

የደረቀውን ሰበር ሰበር አድርጋችሁ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሊትር የሰሊጥ ዘይት አፍስሱበት። የኮኮናትም ይሆናል፣ እኔ ግን ሰሊጥ ቆዳዬ ላይ ይቆይልኛል። ድስት ውስጥ እራፊ ጨርቅ አንጥፉ፣ ማሰሮውን ሳትከድኑ አስቀምጡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ ወገቡ ሙሉ። ከዚያ ነው እሳቱ የሚለኮሰው። የፈላ ውኃ ውስጥ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከከተታችሁ ይሰነጠቃል። ውኃው እንፋሎት ይስጥ እንጂ አይንፈቅፈቅ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ዘይቱ አረንጓዴ ሲል አውርዱ፣ ይብረድ፣ በንጹህ ሻሽ አጥልሉ። ጠቆር ያለ ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ ጥላ ቦታ አኑሩት።

መጀመሪያ ክንዳችሁ እጥፋት ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካላሳከከና ካልቀላ እግርና እጅ ላይ ስሱን ተቀቡ። ዓይን፣ ከንፈርና ቁስል አይነካ። የቤት ዘይት እንደ ፋርማሲው ረጅም ሰዓት አይሠራም፤ በየሰዓቱ መድገም ነው። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ላይ አልጠቀምበትም። ጠርሙሱ ልጆች የማይደርሱበት ይቀመጥ፣ የኒም ዘይት ሕፃን ከጠጣው አደገኛ ነው።

አንዳንዱ ሎሚ ጨምቁበት ይላል፣ ሌላው ጤና አዳም። አቦ ተዉኝ! ሁለቱም ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ካገኛቸው ያቃጥላሉ፣ ውኃ ያስቋጥራሉ። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ለመጋረጃና ለአልጋ ሥር ዘይት አይሆንም፣ ያቆሽሻል። ለዚያ ጠጅ ሳርና ኒም ቀቅላችሁ አጥልሉና በመርጫ ጠርሙስ ርጩት። ውኃ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ከሦስት አራት ቀን አያልፍም።

አሁን ወደ በርሜሉ። ውኃ ሲጠፋ ሁላችንም እናጠራቅማለን፣ ቢምቢዋም እዚያው ትፈለፈላለች። በ2014 ከተማዋን ያስቸገረው ወባም የመጣው በበርሜልና በሮቶ ውኃ ከምትራባ አዲስ ትንኝ ጋር ነው። እንቁላል ሙሉ ትንኝ እስኪሆን ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ውኃውን ደፍታችሁ የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽ ፈግፍጉ። ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ የቀኗ ቢምቢ እንቁላሏን ከውኃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ነው የምትለጥፈው፣ ቢደርቅም ወራት ይቆያል። ከዚያ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ይህ ካልተሠራ ዘይቱን ሙልጭ አድርጋችሁ ብትቀቡም ለውጥ የለውም።

የደረቀ ኒም ከተረፋችሁ የማሽላው ጆንያ ውስጥ ጣል አድርጉት፣ ነቀዝ አይወደውም። ወፍጮ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን በደንብ አበጥሩት፣ እንጀራውን መራራ ያደርገዋል።