ወረቀቱ ተራራ እንዳይመስል የሚያደርጉ ስህተቶች

የተጨማደደ ወረቀት ተራራ እንዲመስል ፎቶ አንስታችሁ፣ ያየው ሰው ወዲያው «ወረቀት ነው» ካለ ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም። ዓይን የአንድን ነገር መጠን የሚገምተው አጠገቡ ካለ ከሚያውቀው ነገር ጋር አስተያይቶ ነው። ያንን መለኪያ ስታሳጡት ግራ ይገባዋል።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ጀርባውን ማደብዘዝ ነው። ብዥ ያለ ጀርባ ያምራል ስለሚባል ብዙ ሰው አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። እውነተኛ ተራራ ከሩቅ ሲነሳ ግን ከሥሩ እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው። ፊቱ ጠርቶ ኋላው ከደበዘዘ፣ ከቅርብ የተነሳ ትንሽ ነገር መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። አፐርቸሩን አጥብባችሁ ኤፍ 11 ወይም 16 ላይ አድርጉት። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሁሉም ካልጠራ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ክሮፕ አድርጉት (ዳር ዳሩን ቁረጡት)። በስልክ ከሆነ ጀርባውን የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት የሚለውን አጥፉት።

ሌላው መብራት ነው። ከፊት የሚመጣ ፍላሽ ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል፣ ሸለቆውን ሸለቆ የሚያስመስለው ደግሞ ጥላው ነው። መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አምጡት፣ ግን አታስጠጉት። የፀሐይ ጥላዎች ጎን ለጎን እኩል ይሄዳሉ፣ የቅርብ አምፖል ጥላዎች ግን ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ። ደግሞም ከመብራቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ብቻ ስለሚቀር፣ የወረቀቱ አንዱ ጫፍ በርቶ ሌላው ይጨልማል።

ትንንሽ ነገሮችን አለማየትም አለ። አንድ ጊዜ ዱቄት በረሃ አስመስዬ ሳነሳ ግማሽ ቀን ፈጀሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ሳየው አሸዋው መሃል አንዲት የቅንድብ ፀጉር ተጋድማለች። በጣም አናደደችኝ። ፀጉር፣ ክር፣ የጣት አሻራ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ሁሉም መጠኑን ይናገራሉ። ስኳር ራሱ ከቅርብ ሲታይ ቅንጣቱ ይለያል፣ ስለዚህ በረዶ ለማስመሰል ዱቄት ይሻላል። ነጭ ነገር ስታነሱ ካሜራው ግራጫ እንዳያደርገው ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ርዕሱ ላይ «የተጨማደደ ወረቀት» ብሎ መጻፍም ልፋቱን ገደል ይከተዋል። ፎቶ አንሺው ማን ሬይ እ.ኤ.አ. በ1920 ኒውዮርክ ውስጥ የሠዓሊው ማርሴል ዱሻን የመስታወት ሥራ ላይ የተጠራቀመ አቧራ ፎቶ አነሳ። በ1922 መጽሔት ላይ ሲወጣ ግን ከሥሩ የተጻፈው ከአውሮፕላን የተነሳ ዕይታ ነው የሚል ነበር። ፎቶውን ስታዩት ደግሞ መስመሮቹ መንገድ፣ የአቧራው ክምር ኮረብታ ይመስላል።