ጉማሬ ሲናገር፣ ታንኳ ስትመልስ፦ ሰው ያልሆኑ ገጸ ባሕርያትን በሚና ጨዋታ እንዴት እንደምናናግር

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረግ የሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። የቀረውን ዓለም በሙሉ የሚያናግረው የጨዋታው መሪ ነው። ነጋዴን ወይም ዘበኛን ማናገር አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው ከጣና ውስጥ ጉማሬ ብቅ ብሎ ሲናገር፣ ወይም ዳር ላይ የቆመች ታንኳ ጥያቄ ሲቀርብላት ነው። ያን ጊዜ ብዙ መሪዎች ድምፃቸውን ለማጎርነን ይሞክራሉ። ድምፅ ግን የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ፍጡሩን እንግዳ የሚያደርገው ዓለምን የሚያውቅበት መንገድ ነው።

አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ቅደዱ። አንዱ ቁራጭ የፍጡሩ ካርድ ይሆናል፤ በላዩ አራት መስመር ብቻ ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል? በምን ያውቃል? ምን አያደርግም? ሰውን ምን ብሎ ይጠራል? ከዚህ የረዘመ የሕይወት ታሪክ ጨዋታው ሲሞቅ የሚያነበው የለም።

ፍላጎቱ ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ስለዚህ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው ጉማሬያችሁ በአጥር የተዘጋበት የሣር መንገድ እንዲከፈትለት ይፈልግ። ዓለምን መግዛት የሚመኝ ጉማሬ ቆዳው ወፍራም የሆነ ክፉ ንጉሥ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ክልከላውን ጻፉ እንጂ ምክንያቱን አትተንትኑ። ሴቶች ወደ ክብራን ገብርኤል እንደማይገቡ እያወቀ ያደገ የባሕር ዳር ተጫዋች የማይታለፍ ደንብ አይከብደውም። ገዳማቱንና ታቦታቱን ግን ለጨዋታ አታውሉ፤ ለሚያምን ሰው መጫወቻ አይደሉም። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል፤ 38ኛዋን እናንተ ፍጠሩ።

አስቸጋሪው ሁለተኛው መስመር ነው። ከደንገል የተሠራች ታንኳን እንውሰድ። ዓይን የላትም፤ የምታውቀው ክብደትን፣ እርጥበትንና የመቅዘፊያ ምትን ነው። ተጫዋቹ «ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አይተሻል?» ብሎ ይጠይቃታል። መሪው «አላየሁም» ካለ ፍለጋው እዚያው ቆመ። «አዎ፣ ወደ ዘጌ ሄዱ» ካለ ደግሞ ታንኳዋ ተራ መንገደኛ ሆነች። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ «ጋቢ ምን እንደሆነ አላውቅም። ትናንት አንድ ቀላል ሰው ተሳፈረብኝ፣ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሲወርድ ግን ሲሳፈር ከነበረው ይከብድ ነበር።» ሽማግሌው ከሐይቁ አንድ ነገር እንዳወጡ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ይህን በቅጽበት መፍጠር ስለሚያስቸግር ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድማችሁ ሠርታችሁ ግቡ፦ ማን አለፈ? የምንፈልገው የት ነው? አደጋው ምንድን ነው? እያንዳንዱን ፍጡሩ ወደሚያውቅበት ስሜት ለውጡና መልሱ ውስጥ አንድ እውነተኛ ፍንጭ አኑሩ። ፍንጭ የሌለው እንቆቅልሽ ተጫዋቹን ያደክማል እንጂ አያስደንቅም። ከሁለት መልስ በኋላም ካልገባቸው ሦስተኛ እንቆቅልሽ አትጨምሩ፤ ታንኳዋ ማንም ሳይቀዝፋት አፍንጫዋን ወደ ቦታው ታዙር።

ዋጋዋም ከተሠራችበት ነገር ይምጣ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አውጥተው ያደርቃሉ። «ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሙኝ» ብትል ተጫዋቾቹ መረጃውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ይከፍላሉ። ከወርቅ ክፍያ እጅግ ይሻላል።

አጠራሩ ላይ አማርኛ ብዙ ያግዘናል። ጉማሬው ዋና የሚችለውን ሕፃን «እርስዎ»፣ ዋና የማይችለውን የጦር አለቃ «አንተ» ይበል። ደንቡን አትንገሩ፤ ተጫዋቾቹ ሲደርሱበት ደስታው የእነሱ ነው። አንዴ ከተሳሳታችሁ ግን ደንቡ ይጠፋባቸዋል፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ሌላም አለ፦ እኛ ስናዳምጥ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። ፍጡሩ ይህን አያድርግ። ዝም ብሎ ሲያይ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ስለ ድምፅ፦ ፍጥነቱን ቀይሩ፣ ጉሮሯችሁን አትጫኑ። ማጎርነን ቶሎ ያደክማል፤ ሐይቁ ዳር ባሉ ካፌዎች ጫጫታ ውስጥም አይሰማም። የገጠር አነጋገርን ለእንግዳነት መዋስ ደግሞ ስሕተት ነው። የአንዱ ተጫዋች አያት እንደዚያ ይናገሩ ይሆናል፣ ጨዋታውም ወደ ፌዝ ይወርዳል።

የመጀመሪያ ስሜቱን በዳይስ ወስኑ። ልዩ ዳይስ አያስፈልግም፣ ሁለት የሉዶ ዳይስ ይበቃል። 2 ወይም 3 ከወጣ ፊቱን ያዞራል፤ ከ4 እስከ 6 ይጠራጠራል፤ ከ7 እስከ 9 አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ከ10 እስከ 12 ይረዳል። ሁለት ዳይስ ከሚወድቁባቸው 36 መንገዶች 15ቱ ከ7 እስከ 9 ስለሚያርፉ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሞ የሚያስፈልጋችሁ የካርዱ የመጀመሪያ መስመር ነው።

ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ሳታቋርጡ አትናገሩ። ሁለት ፍጡራን እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩም አታድርጉ፤ ተጫዋቾቹ መሪው ከራሱ ጋር ሲያወራ ቁጭ ብለው ያያሉ። ፍጡሩ የሚፈልገውን ሲያገኝ ወዲያው ይሂድ። ካርዱን አትጣሉት፤ ጀርባው ላይ ምን ቃል እንደገባና ተጫዋቾቹ ምን ስም እንዳወጡለት ጻፉ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ፈልገውት ይመጣሉና።