ከአእምሮ ሕመም በኋላ ወደ ትምህርት ሲመለሱ፦ ማስታወስ ሲያስቸግር እንዴት ይጠናል?

ከድብርት፣ ከባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም) ወይም ከሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም) አገግሞ ክፍል የገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ «አንዱን ገጽ ሦስቴ አንብቤ ምንም አልያዝኩም» ይላል። ስሜቱ ተስተካክሎ እንኳ ትኩረትና ማስታወስ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ እስኪመለሱ ወራት ሊወስድባቸው ይችላል። የሕመሙ ጣጣ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። በአብዛኛው የሚዳከመው ነገሩን መጀመሪያ ወደ ጭንቅላት የማስገባቱ ሥራ ስለሆነ፣ ያንኑ ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ማንበብ አያዋጣም። በትንሽ በትንሹ መያዝና የያዙትን ደጋግሞ ከአእምሮ ማውጣት ያዋጣል።

1. መድኃኒታችሁን ከሐኪም ጋር አጣሩ
ለእጅ መንቀጥቀጥና ለጡንቻ መገተር የሚታዘዘው ትራይሄክሲፈኒዲል (አርቴን)፣ አሚትሪፕቲሊንና ዳያዚፓም ማስታወስን ሊያደክሙ ይችላሉ። መድኃኒት የወሰዳችሁበትንና ጭንቅላታችሁ የደነዘዘበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ክትትላችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከሆነ፣ ወረቀቱን በቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሰዓቱን ሊያዛውር ይችላል። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቁ፤ ሁለቱም ያፈዛሉ። በራሳችሁ ውሳኔ ግን አንድም ኪኒን አታቁሙ። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ዳያዚፓምን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም ደግሞ አንቀጥቅጦ እስከ መጣል ሊያደርስ ይችላል።

2. እንቅልፍ
ጅማ ውስጥ ለፈተና ጫት ይዞ ማደር የተለመደ ነው። ከአእምሮ ሕመም ለተነሳ ሰው ግን መቅረት አለበት። ምርቃናው ሁሉም ነገር የገባን ያስመስላል፤ ቀን የተነበበው የሚረጋው ግን በእንቅልፍ ነው። ባይፖላር ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መነሳሳት) ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሳይኮሲስ ላለበት ደግሞ ጫቱ ሕመሙን ያባብሳል። ቡናም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ የከሰዓትን ጀበና እምቢ ማለት እዚህ አገር ከባድ ቢሆንም።

3. አንብቡ፣ ዝጉ፣ ጻፉ
ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ 15 ደቂቃ አንብቡ፣ 5 ደቂቃ እረፉ። ሳምንቱን ሙሉ ያለ ችግር ከሄደ ብቻ ወደ 20 ከፍ አድርጉ። አንድ ንዑስ ርዕስ ሲያልቅ ሃንድአውቱን ዝጉና የቀረላችሁን በባዶ ወረቀት ላይ በራሳችሁ አባባል ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ቢወጣ አትደንግጡ። መስመሩን በሃይላይተር መቀባት ግን ጊዜ ያባክናል፤ ያጠናን ይመስለናል እንጂ ምንም ከአእምሮ አላወጣንም።

4. የጥያቄ ካርድ
ብዙዎች የሚበላሽባቸው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የደብተር ቅጠል ለአራት ቁረጡ፤ በፊት ለፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ጻፉ። ካርዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ። ግብርና የሚማር ልጅ «ስለ ሲቢዲ (የቡና ፍሬ በሽታ) አብራራ» ብሎ ከጻፈ ካርዱ አይሠራም፤ ግማሹን ሲመልስ አገኘሁ ይበል አላገኘሁም አያውቅም። እንዲህ ይከፋፍለው፦ «የቡና ፍሬ በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው መቼ ነው?» መልስ፦ በ1971 እ.ኤ.አ.። «አምጪው ምንድን ነው?» መልስ፦ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የተባለ ፈንገስ። «74110 በሚለው የቡና ዝርያ ስም ውስጥ 74 ምንድን ነው?» መልስ፦ የተመረጠበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.። በሽታው በታየ በሦስተኛው ዓመት መቋቋም የሚችል ዝርያ ተመረጠ ማለት ነው። እንዲህ ሲያያዝ ቁጥሩ ትርጉም ስላገኘ መሸምደድ አያስፈልግም፤ 74112 የተባለው ዝርያም አብሮት ይያዛል።

ካርዶቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ በአራት ክፍል አስቀምጡ፦ በየቀኑ፣ በየ3 ቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየ2 ሳምንቱ የሚታዩ። በትክክል የተመለሰ ካርድ አንድ ክፍል ወደፊት ያልፋል፤ የተሳሳተ ከየትም ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አዲስ ካርድ በቀን ከ8 አይብለጥ። በጀመሩበት ቀን 40 ካርድ የሚጽፉ ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ክምሩ ያስፈራቸውና ይተዉታል።

ትልቁ ስህተት ቶሎ መገልበጥ ነው። መልሱን ስናየው «አዎ፣ አውቀው ነበር» እንላለን፤ አይቶ መለየትና ሳያዩ ማውጣት ግን የተለያዩ ናቸው፤ ፈተና የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ መልሱን መጀመሪያ በእርሳስ ጻፉ፣ ከዚያ ገልብጡ። ታማችሁ ሳምንት ካለፋችሁ ውዝፉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፤ በቀን 15 ካርድ እየመዘዛችሁ ቀጥሉ። አንኪ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ይህን ሁሉ በራሱ ያሰላል፣ አንድሮይድ ላይም በነፃ ይገኛል። ትኩረቱ ገና ላልተመለሰ ሰው ግን ወረቀት ይሻላል፤ ስልክ የተከፈተለት ሁሉ ቴሌግራም ውስጥ ነው የሚገኘው።

5. ሌላውን ሁሉ ከጭንቅላት አውጡ
ቀጠሮ፣ አሳይመንት፣ የኪኒን ሰዓት፣ ሁሉም በአንዲት የኪስ ደብተር ይጻፍ። በክረምት ፌስታል ውስጥ አድርጓት፤ የጅማ ዝናብ አያስጠነቅቅም። መታወቂያና ቁልፍ ቦታቸው አይቀየር።

6. ሰዎችን አሳውቁ
ለመምህር ምርመራችሁን መዘርዘር የለባችሁም። «ታምሜ ነበር፣ ማስታወሻ ለመያዝ እዘገያለሁ፤ ትምህርቱን በድምፅ ልቅዳ?» ማለት ይበቃል። በአድ ድሮፕ ጊዜ ኮርስ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት ፈተና ከመድረሱ በፊት ይግባ፤ ውጤት ከተበላሸ በኋላ የሚቀርብ ወረቀት ብዙም አይረዳም። የዶርም ጓደኛ ካርዱን ይዞ ቢጠይቃችሁ ትልቅ እገዛ ነው።

መርሳቱ እየባሰ ከሄደ፣ የለመዳችሁት መንገድ ከጠፋችሁ ወይም ሁለት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ከራቃችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ ለአንድ ሰው ንገሩና አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

7. ፈተና ላይ
ወረቀቱ እንደተሰጣችሁ እንዳይጠፉባችሁ የምትሰጉባቸውን ቁጥሮችና ስሞች ጠርዙ ላይ ጻፉ። አንድ ጥያቄ ላይ ሁሉም ነገር ጥፍት ካለባችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ሌላ ስትሠሩ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ካልመጣም በዙሪያው የምታውቁትን ጻፉ፤ ባዶ ከመተው በከፊል የተመለሰ ነጥብ ያስገኛል።