የማያ ጽሕፈት ተመራማሪዎችን ማኅደር ሲያነቡ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ የሆነው የማያ ጽሕፈት ተመራማሪ ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጥናት፣ በጓቲማላ በፒዬድራስ ኔግራስ የከተማ ፍርስራሽ የሚገኙት ጽሑፍ ያለባቸው ሐውልቶች የነገሥታትን ልደትና ንግሥ እንደሚዘግቡ አሳይተዋል። ለብዙ ዓመታት ይሠሩበት የነበረው የአሜሪካው የምርምር ድርጅት የካርኔጊ ተቋም የአርኪዮሎጂ ክፍል በ1958 ሲዘጋ፣ መዝገቦቹ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒቦዲ ሙዚየም ተዛውረዋል። የእንዲህ ዓይነት ተመራማሪዎችን ረቂቅ፣ ደብዳቤና ንድፍ የሚያገላብጥ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅባቸው ስህተቶች አሉ።

ከሁሉም የከፋው፣ ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት የተመራማሪው የመጨረሻ ቃል አድርጎ መውሰድ ነው። ከ1960 በፊት ኤሪክ ቶምሰንን የመሳሰሉ ታላላቅ ምሁራን ጽሑፎቹ ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ ስለ ከዋክብትና ስለ አማልክት እንጂ ስለ ሰዎች ታሪክ አይናገሩም ብለው ያምኑ ነበር፤ ቶምሰን ራሳቸው ኋላ ላይ የፕሮስኩሪያኮፍን ድምዳሜ ተቀብለዋል። ስለዚህ አንድ ማስታወሻ ከዚያ ዓመት በፊት ወይም በኋላ መጻፉን ሳያረጋግጡ ከእርሱ መጥቀስ፣ ጸሐፊውን የተዉትን ሐሳብ እንዲሟገቱለት ማስገደድ ይሆናል። ቀኑን ለመገመት ከፖስታው ማኅተምና ከወረቀቱ ዓይነት ሌላ ለእያንዳንዱ የጽሕፈት ምልክት በካታሎግ የተሰጠው መለያ ቁጥር ይረዳል። ቶምሰን የምልክቶችን ካታሎግ ያሳተሙት በ1962 ስለሆነ፣ በእርሳቸው ቁጥር የተሞላ ገጽ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ መሆኑ አያጠራጥርም ለማለት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ በሌላ ቀለም ከጎን የተጨመሩ ከሆነ ግን ማስረጃነታቸው ለጭማሪው ብቻ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው። ከቶምሰን በፊት ጌትስ በ1931፣ ሲመርማን ደግሞ በ1956 የራሳቸውን ካታሎግ አውጥተዋል፤ የማን እንደሆነ ያልተገለጸ ቁጥር ወደ ሌላ ምልክት ሊመራ ይችላል። አንዳንዴም በቁጥር ፋንታ የሚገኘው ቅጽል ስም ነው። ፕሮስኩሪያኮፍ ከልደት ጋር ያያዙት ምልክት አፉን ወደ ላይ ያንጋጠጠ እንቁራሪት ስለሚመስል በዚሁ ስም ሲጠራ፣ የንግሡ ምልክት ደግሞ ፊቱ በጨርቅ የታሰረ ስለሚመስል «የጥርስ ሕመም» ተብሏል። በቶምሰን ካታሎግ የመጀመሪያው 740፣ ሁለተኛው 684 ነው።

ንድፍን እንደ ድንጋዩ ማየትም ትልቅ ስህተት ነው። ነጠብጣብ ወይም የተቆራረጠ መስመር ብዙውን ጊዜ «ይህ ተሸርሽሯል፣ እንዲህ ይመስለኛል» ማለት ሲሆን፣ ንድፉን በኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው መስመሩን ሲያጠነክረው ግምቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ፒዬድራስ ኔግራስን የመሳሰሉ ቦታዎች በዘራፊዎች ክፉኛ ስለተጎዱ፣ የድሮ ፎቶግራፍ ከንድፉ ጎን መቀመጡ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ዓመት ሲጠቀስ ደግሞ ጸሐፊው የማያን ቀን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመለወጥ የተከተሉትን ስሌት መጠየቅ ያስፈልጋል። 9.16.0.0.0 የሚለው የማያ ቀን ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት ባለው ስሌት እ.ኤ.አ. 751 ላይ ሲውል፣ በኸርበርት ስፒንደን ስሌት ወደ 260 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። የማያውን ቀን እንዳለ መገልበጥና የተለወጠውን ዓመት ለብቻው መጻፍ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

የአጻጻፍ ለውጥ ፍለጋን ያሰናክላል። በቅኝ ግዛት ዘመን በሜክሲኮ ዩካታን ለማያ ቋንቋ በተለመደው አጻጻፍ የላቲኑ «ኬ» ለ«ቅ» ድምፅ፣ «ሲ» ደግሞ ለ«ክ» ያገለግል ነበር፤ በዛሬው አጻጻፍ ግን «ኬ» ብቻውን «ክ» ሲሆን «ቅ» ለመሆን ጭረት ይጨመርበታል። ስለዚህ በአሮጌ ወረቀት ላይ «ካን» የሚመስለው ቃል «ቃን» ነው፤ ሁለቱን በፊደላችን ለይተን ስለምንጽፍ ስህተቱ ለእኛ ቶሎ ይታየናል። የነገሥታት ስምም እንዲሁ ነው፦ በጥንታዊቷ የማያ ከተማ በኮፓን የነገሡትና «18 ጥንቸል» ይባሉ የነበሩት ንጉሥ ዛሬ ዋሻክላሁን ኡባህ ቃዊል ይባላሉ፤ በአዲሱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የድሮውን ማኅደር ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ወረቀቶቹን በርዕስ ለማደራጀት ብሎ የነበሩበትን ቅደም ተከተል መበተን አይገባም። ከአንድ ደብዳቤ ጀርባ የተቀመጠ ንድፍ የደብዳቤው መልስ ሊሆን ይችላል፤ ከተለያዩ በኋላ ግን ግንኙነቱን የሚያስረዳ አይኖርም። ግኝቱን አስቀድሞ ያገኘው ማን ነው የሚል ክርክር ሲነሳም እንዲህ ያለው ጉርብትና ዋጋ አለው፤ ይሁን እንጂ በካርቦን የተገለበጠ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ዋናው ደብዳቤ ስለመላኩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተቀባዩን ማኅደርም ማየት ግድ ነው።

በመጨረሻም፣ በመስክ ማስታወሻ ውስጥ የሚገኝን፣ ጥበቃ የሌለው ፍርስራሽ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ በይፋ ማሰራጨት ለዘራፊ መንገድ መጠቆም ስለሆነ፣ ከመታተሙ በፊት ከቤተ መዛግብቱ ኃላፊዎች ጋር መመካከር ያስፈልጋል።